ሮናልድ ሙርን ያፈራው የሥራ ቤት

ስለ ሮናልድ ሙር የሚነገረው ታሪክ ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ከፍቅር ነው። ቻውቺላ በምትባል የካሊፎርኒያ ትንሽ ከተማ ያደገ ልጅ «ስታር ትሬክ» የተባለውን የጠፈር ድራማ በድጋሚ ስርጭት እያየ ይጎለምሳል። ድራማው የሚቀረጽበትን ስቱዲዮ የመጎብኘት ዕድል ሲያጋጥመው የጻፈውን ስክሪፕት በብብቱ ሸጉጦ ይሄዳል። ስክሪፕቱ ይገዛል፤ እሱም በዓለም ከታወቁት የቴሌቪዥን ሳይንሳዊ ልብ ወለድ ጸሐፊዎች አንዱ ይሆናል። ታሪኩ እውነት ነው፤ ተረት ተረት ስለሚል ግን ዋናውን ነገር ይሸፍናል። ስክሪፕት ይዞ የሚዞር አድናቂ ሆሊውድ ውስጥ መቼም ጠፍቶ አያውቅም። ያን ወረቀት ማን አነበበው? ምን ቸግሮት አነበበው? ካነበበው በኋላስ ጸሐፊውን ምን አደረገው?

የሙር የሥራ ሕይወት ከሠላሳ አምስት ዓመት በላይ ሆኖታል። በዚህ ጊዜ ውስጥ የአሜሪካ ቴሌቪዥን አሠራር ከሥሩ ተለውጧል፤ ዛሬ ሃያ አምስት ዓመት የሆነው ጸሐፊ ሙር የወጣበትን መሰላል ልውጣ ቢል አብዛኛው እርከን ተነቅሎ ያገኘዋል። ስለዚህ የእሱን መንገድ ከአንድ ባለተሰጥኦ ገድል ይልቅ ጸሐፊን የሚያሠለጥን የሥራ ቤት እንዴት እንደቆመና እንዴት እንደፈረሰ የሚያሳይ ማስረጃ አድርጌ ባነበው ይሻላል እላለሁ። (እዚህ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሙር በ1964 ተወለደ። ኮርኔል ዩኒቨርሲቲ የገባው በባሕር ኃይል ነፃ ትምህርት ዕድል ነበር፤ የመንግሥት አስተዳደርና ፖለቲካ ተማረ፤ በአንድ የጦር መርከብ ላይም ለአንድ ወር ያህል ሠራ። በ1986 ትምህርቱን ሳይጨርስ አቋረጠና ሎስ አንጀለስ ገብቶ ያገኘውን እየሠራ መኖር ጀመረ። በ1988 በዚያን ጊዜ ጓደኛው በነበረች ሴት አማካይነት የ«ስታር ትሬክ፦ ቀጣዩ ትውልድ»ን ስቱዲዮ ሲጎበኝ ስክሪፕቱን ከድራማው ፈጣሪ ከጂን ሮደንበሪ ረዳቶች ለአንዱ ሰጠ። ረዳቱ ወደደለት፤ ወኪል እንዲያገኝም ረዳው። ከዚያ በኋላ ወረቀቱ ወደ ድራማው ቢሮ ገብቶ ለወራት ማንም ሳያየው ተቀመጠ።

የዚያን ቢሮ ሁኔታ ማወቅ ያስፈልጋል። ድራማው በ1987 ሲጀመር የመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት ብጥብጥ የበዛባቸው ነበሩ። በ1960ዎቹ ለመጀመሪያው «ስታር ትሬክ» የጻፉት ዲ. ሲ. ፎንታና እና ዴቪድ ጄሮልድ ብዙም ሳይቆዩ ለቀው ሄዱ፤ የተተኩትም አልሰነበቱም። በ1988 የአሜሪካ ጸሐፊዎች ማኅበር አምስት ወር የፈጀ የሥራ ማቆም አድማ ስለመታ ሁለተኛው ምዕራፍ ከ26 ክፍል ወደ 22 ወረደ። በ1989 ሦስተኛው ምዕራፍ ሲጀመር የጸሐፊዎቹ አለቃ ሆኖ የመጣው ማይክል ፒለር ለቀረጻ የደረሰ ስክሪፕት አልነበረውም ማለት ይቻላል። ካሜራው በየሳምንቱ አዲስ ታሪክ ይፈልጋል። ፒለር ማንም ያልነካውን የስክሪፕት ክምር ማገላበጥ የጀመረው በዚህ ጭንቅ ውስጥ ሆኖ ነው። ችግር በቅቤ ያስበላል እንዲሉ።

ፒለርን ከሌሎች አለቆች የሚለየው ችግሩ ካለፈ በኋላ ያደረገው ነው። በሩን ክፍት ተወው። አንድ የሕግ ቅጽ የፈረመ ማንኛውም ሰው፣ ወኪል ባይኖረውም፣ ስክሪፕት መላክ ይችላል አለ። በሆሊውድ ይህ እንግዳ ነገር ነበር፤ ስቱዲዮዎች «ሐሳቤን ሰረቃችሁኝ» የሚል ክስ ስለሚፈሩ ካልታወቀ ሰው የመጣን ፖስታ ሳይከፍቱ ይመልሳሉ። ወደ ፒለር ቢሮ ግን በዓመት በሺህ የሚቆጠር ስክሪፕት ይጎርፍ ጀመር። ረኔ ኤቼቫሪያና ብራያን ፉለር ቀስ በቀስ ወደ ሙያው የገቡት በዚሁ በር ነው።

ከዚያ ክምር የወጣው የሙር የመጀመሪያ ስክሪፕት በጥቅምት 1989 ተላለፈ። እናቱ በግዳጅ ላይ የሞተችበት ልጅና የግዳጁ መሪ የነበረው ጦረኛ መኮንን ዎርፍ በሐዘን እንዴት እንደሚተሳሰሩ የሚናገር ነው። እዚህ ላይ ሮደንበሪ ተቃውሞ አነሣ። በእሱ እምነት በ24ኛው ክፍለ ዘመን የሰው ልጅ ሞትን የሕይወት አካል አድርጎ ስለተቀበለ እንዲህ ያለ ሐዘን አይኖርም። የታሪኩ አንጀት ሐዘን ሆኖ ሳለ ሐዘን አይፈቀድም ማለት ነው። ፒለር ስክሪፕቱን አልጣለውም፤ ክልከላውን ራሱን ወደ ታሪኩ አስገባው። ልጁ አላለቅስም ይላል፤ ትልልቆቹም እንዲህ መሆኑን እንደ ጥንካሬ ይቆጥሩታል። ከባዕድ ፍጥረታት አንዷ የእናቱን መልክ ይዛ ስትመጣ ግን የታፈነው ነገር መውጫ ይፈልጋል። ሙር በሃያዎቹ አጋማሽ ላይ፣ በመጀመሪያ ሥራው፣ ክልከላን ወደ ታሪክ መለወጥ ምን እንደሆነ ባለሙያ ሲሠራው አየ። ይህን ዓይነት ትምህርት ለመስጠት መምህሩም፣ ተማሪውም፣ በሳምንት ውስጥ መጠናቀቅ ያለበት ሥራም አንድ ቤት ውስጥ መገናኘት አለባቸው።

ሁለተኛ ስክሪፕት አስጻፉትና ቀጠሩት። ከዚያ በኋላ ያለውን ጊዜ የሙር ዩኒቨርሲቲ ብንለው አይበዛም። አንድ ምዕራፍ 26 ክፍል ነው፤ እያንዳንዱ ክፍል በሰባትና በስምንት ቀን ይቀረጻል። ጸሐፊው ከቀረጻው ቦታ ጥቂት እርምጃ ርቆ ስለሚቀመጥ ጠዋት የጻፈው ንግግር በተዋናዩ አፍ ውስጥ ሲሰነካከል ከሰዓት በኋላ ያየዋል። በጀት ሲያልቅ አዲስ ቤት ሳይሠራ፣ አዲስ ልብስ ሳይሰፋ፣ በነባሮቹ ክፍሎች ውስጥ ብቻ የሚቀረጽ ታሪክ ጻፍ ይባላል። አንድ ክፍል ቢበላሽ ሐዘን የለም፤ በሚቀጥለው ሳምንት ሌላ አለ። ከ26ቱ ውስጥ ደካማ የሆኑት ጥቂት እንዳልነበሩ መካድ አይቻልም፤ አንዳንዶቹን ዛሬ ቁጭ ብሎ መጨረስ ትዕግሥት ይጠይቃል። ግን ጀማሪ ጸሐፊ የሚማረው እንዲህ ባለ ቤት ነው፤ ጥፋቱ ርካሽ የሆነበት ቤት።

ጥድፊያው አንዳንዴ ተአምር ይሠራል። በየካቲት 1990 የተላለፈውና ዛሬም ከድራማው ምርጥ ክፍሎች አንዱ የሚባለው «የትናንቱ ኢንተርፕራይዝ» ጊዜ ስላልነበረ ጸሐፊዎቹ ተከፋፍለው በችኮላ የጻፉት ነው። ሙርም አንዱ ነበር። በዚያው ዓመት «ቤተሰብ» የተባለውን ክፍል ጻፈ። ካፒቴን ፒካርድ በቦርግ ጠላቶች ተማርኮ፣ አካሉና አእምሮው ተደፍሮ፣ በራሱ ወገኖች ላይ እንዲዘምት ተደርጎ ነበር፤ ከዚያ ነፃ ወጣ። በዘመኑ የቴሌቪዥን ልማድ ጀግናው በቀጣዩ ሳምንት ምንም እንዳልደረሰበት ሆኖ ወደ ወንበሩ ይመለሳል። ሙር ግን ወደ ፈረንሳይ ገጠር፣ ወደ ወንድሙ የወይን እርሻ ሰደደው፤ ሁለቱ ወንድማማቾች ጭቃ ውስጥ ተደባድበው ካፒቴኑ ተንሰቅስቆ አለቀሰ። የመርከቡ መቆጣጠሪያ ክፍል አንዴም ያልታየበት የድራማው ብቸኛ ክፍል ይህ ነው። ሮደንበሪ በወንድማማቾቹ ጠብ አልተደሰተም። የሙር ኋለኛ ሥራ በሙሉ ከዚህ ክፍል የበቀለ ይመስለኛል፤ በሰው ላይ የደረሰ ነገር ከሰውየው ጋር ይኖራል የሚለውን የማይለቅ አቋሙን በግልጽ ያሳየው እዚህ ነውና።

የዎርፍ ወገኖች የሆኑትን የክሊንጎኖችን ባህል፣ ክብራቸውን፣ የቤተ መንግሥት ተንኮላቸውን ያደራጀውም በአብዛኛው እሱ ነው። በቀደመው ድራማ ባላንጣ ብቻ የነበረውን ሕዝብ የዘር ሐረግ የሚቆጥር፣ በሸንጎ የሚሟገት፣ በአባቱ ስም የሚኮራና የሚያፍር ሕዝብ አደረገው።

ሌላም ነገር ተማረ፤ ይህኛው ግን ሊሸሸው የፈለገው ነበር። በዚያ ድራማ ገጸ ባሕርያቱ ችግርን የሚፈቱት ሞተሩንና ጨረሩን በሚመለከት ረጅም የቴክኒክ ንግግር ነው። ሙር ኋላ እንደተናገረው ጸሐፊዎቹ እነዚህን ቃላት ራሳቸው አይጽፏቸውም፤ በቦታው «ቴክ» ብለው ጽፈው ያልፉና የሳይንስ አማካሪው ይሞላዋል። ከአማካሪዎቹ አንዱ በተግባራዊ ፊዚክስና ምሕንድስና ዶክትሬት ያለው የኮርኔል ባልንጀራው ናረን ሻንካር ነበር፤ እሱም በዚያው ቤት ጸሐፊ ሆኖ ወጣ፣ ከብዙ ዓመት በኋላም «ዘ ኤክስፓንስ» የተባለውን ድራማ መርቷል። ለሙር ግን ክፍቱን ቦታ በቃላት መሙላት ድራማን መግደል ነበር። መውጫው በቴክኒክ ቃል ከተገኘ ሰውየው መወሰን አላስፈለገውም።

በ1994 «ቀጣዩ ትውልድ» ሲያበቃ ሙርና ባልደረባው ብራነን ብራጋ ሁለት ሥራ ተደራርቦባቸው ነበር፤ የድራማው የመጨረሻ ክፍልና ለሲኒማ የሚሆን ፊልም። ለፊልሙ ረጅም ጊዜ ተሰጣቸው፤ የመጨረሻውን ክፍል በጥቂት ሳምንታት ጻፉት። ክፍሉ በ1995 የሁጎ ሽልማትን አገኘ፤ ፊልሙ የመጀመሪያውን «ስታር ትሬክ» ካፒቴን ከርክን ገድሎ ብዙ ተመልካች አስቀየመ። ሁለት ዓመት ቆይተው የጻፉት «ፈርስት ኮንታክት» የተባለው ፊልም ስማቸውን አደሰላቸው።

ከዚያ ሙር «ዲፕ ስፔስ ናይን» ወደተባለው ሌላው የ«ስታር ትሬክ» ድራማ ተዛወረ። እዚያ የነበረው አለቃ አይራ ስቲቨን ቤር ነው፤ ሁለተኛው መምህሩ። ድራማው በአንድ የጠፈር ጣቢያ ላይ ስለቆመ ገጸ ባሕርያቱ ያጠፉትን ትተው ወደ ሌላ ኮከብ መብረር አይችሉም፤ የዘራኸውን እዚያው ታጭዳለህ። ቤር ታሪኩን ከክፍል ወደ ክፍል እያያያዘ መሄድ ፈለገ፤ የንግዱ ሥርዓት ግን አይመቸውም ነበር። እነዚህ ድራማዎች ይሸጡ የነበረው በየከተማው ላሉ የአካባቢ የቴሌቪዥን ጣቢያዎች ነው። ጣቢያው በፈለገው ሰዓት፣ ሲደግመውም በፈለገው ቅደም ተከተል ያሳይ ነበር፤ ተመልካቹም አንድ ሳምንት ካመለጠው መልሶ የሚያይበት ቀላል መንገድ አልነበረውም። ስለዚህ እያንዳንዱ ክፍል ራሱን ችሎ እንዲቆም ይፈለግ ነበር። ቤርና ጸሐፊዎቹ ይህን ገፍተው በ1997 ስድስት ክፍል የዘለቀ የጦርነት ታሪክ፣ በ1999 ደግሞ ከዚያም የረዘመ መዝጊያ ሠሩ። ዛሬ ተከታታይ ታሪክ እንደ ውሃ ስለሚጠጣ የዚያን ጊዜ ድፍረት በቀላሉ አይታየንም።

ከእነዚያ ዓመታት አንድ ሥራ ልጥቀስ። በ1998 በተላለፈ አንድ ክፍል የጣቢያው አዛዥ ካፒቴን ሲስኮ ጦርነቱን ላለመሸነፍ ሐሰተኛ ማስረጃ ያሠራል፣ ጉቦ ይሰጣል፣ ግድያን አይቶ እንዳላየ ያልፋል፤ በመጨረሻም ካሜራውን ትክ ብሎ እያየ ከዚህ ጋር መኖር እንደሚችል ራሱን ለማሳመን ይሞክራል። ስክሪፕቱን እንደገና የጻፈው ሙር ነው፤ ስሙ ግን በክፍሉ ላይ የለም። በዚያ ቤት ልማድ ነባሩ ጸሐፊ የሌላውን ሥራ አቃንቶ ስሙን ሳያስጽፍ ያልፋል። የዛሬ ሰው ይህን በደል ሊለው ይችላል። እኔ የምጠራጠረው እንዲህ ያለ ስም የለሽ ሥራ የሌለበት ቤት የጋራ ሙያ ሊኖረው መቻሉን ነው፤ ደመወዙ መከፈሉን ግን አልደራደርም።

በ1999 «ቮየጀር» ወደተባለው ሌላ የ«ስታር ትሬክ» ድራማ ሄደ፤ ከብራጋ ጋር እንደገና ሊሠራ። ሳምንታት ብቻ ቆይቶ ለቀቀ፤ ወዳጅነታቸውም ለረጅም ጊዜ ሻከረ። ከለቀቀ በኋላ በሰጠው ቃለ ምልልስ የተናገረው ትችት የቀጣዩን አሥር ዓመት ሥራውን ንድፍ ይመስላል። መርከቧ ከቤቷ 70 ሺህ የብርሃን ዓመት ርቃ ጠፍታለች፤ ወደብ የላት፣ መለዋወጫ የላት። ሆኖም በየሳምንቱ ተመትታ በቀጣዩ ሳምንት ተወልውላ ትታያለች። ከሁለት ጠበኛ ወገን የተሰባሰቡት መርከበኞቿ ያለ ብዙ ግጭት አንድ ልብ ሆነዋል። የስንቅ እጥረት የት ገባ? ሰዎቹ ከዓመታት ስደት በኋላ የራሳቸውን ልማድ፣ የራሳቸውን ሕግ ለምን አልፈጠሩም? ሙር ይህን ሲጠይቅ የተሻለ አንድ ክፍል እየጠየቀ አልነበረም፤ ሌላ ዓይነት ድራማ እየጠየቀ ነበር።

ያን ድራማ የመሥራት ዕድል የመጣው ካልተጠበቀ ቦታ ነው። «ባትልስታር ጋላክቲካ» በ1978 «ስታር ዋርስ» ያስነሣውን ማዕበል ተከትሎ የተሠራና አንድ ምዕራፍ ብቻ የቆየ ድራማ ነው። የሰው ልጅ ዓለማት በአንድ ጀምበር በማሽኖች ይወድማሉ፤ የተረፉት ጥቂቶች በአንዲት የጦር መርከብ ታጅበው ምድር የምትባል ቦታ ፍለጋ ይሸሻሉ። የመጀመሪያው ድራማ ከዚህ ሁሉ እልቂት በኋላ ሰዎቹን ቶሎ ወደ ጨዋታና ወደ ቁማር ቤት ይመልሳቸዋል። ፕሮዲዩሰር ዴቪድ ኢክ ድራማውን እንደገና እንዲሠራ ሙርን ሲጠራው የመስከረም 11 ቀን 2001 ጥቃት ገና ከአሜሪካውያን ዓይን አልጠፋም ነበር። ሙር የድሮውን መክፈቻ እንደገና ሲያይ የታየው ነገር ቀላል ነው፤ ይህን ታሪክ ዛሬ ካወራህ ተመልካቹ ስለ ራሱ እንደምታወራ ያውቃል።

አዲሱ «ጋላክቲካ» በታኅሣሥ 2003 ሁለት ክፍል ያለው አጭር ድራማ ሆኖ ወጣ፤ ሳምንታዊው ተከታታይ በጥቅምት 2004 መጀመሪያ በብሪታንያ፣ በጥር 2005 በአሜሪካ ተጀመረ። ሙር ከሥራው ጋር በጻፈው የዓላማ መግለጫ የቴሌቪዥን ሳይንሳዊ ልብ ወለድን እንደገና መሥራት እንደሚፈልግ በግልጽ አሰፈረ። ባዕድ ፍጥረት የለም። የጊዜ ጉዞ የለም። በቃላት የሚፈታ ችግር የለም። ካሜራው የዜና ዘጋቢ ካሜራ ይመስል ይንቀጠቀጣል። የመርከቧ ስልኮች ገመድ አላቸው፤ ኮምፒውተሮቿ እርስ በርስ አልተያያዙም፣ ምክንያቱም የተያያዘውን ሁሉ ጠላት ሰብሮ ገብቶበታል። ፕሬዝዳንቷ የተረፈውን ሕዝብ ቁጥር ሰሌዳ ላይ ጽፋ ታስቀምጣለች፤ ወደ 50 ሺህ ገደማ ነው፤ ሰው በሞተ ቁጥር ታርመዋለች። በመጀመሪያው ክፍል መርከቦቹ በየ33 ደቂቃው ጠላት እየደረሰባቸው እንቅልፍ ካጡ ቀናት አልፈዋል፤ መጨረሻ ላይ አንድ ሕፃን ተወለደ ሲሏት ፕሬዝዳንቷ ቁጥሩ ላይ አንድ ትጨምራለች። የ«ቮየጀር»ን ቅሬታ አንድ በአንድ ወስዶ መልስ የሰጠበት ያህል ነው።

የድሮው ድራማ ወዳጆች ግን መጀመሪያ ላይ አምርረው ተቃወሙት። ስታርባክ የተባለው ወንድ አብራሪ ሴት መሆኑ ብቻ ለብዙዎች ክህደት ነበር። የድሮው ድራማ ፈጣሪ ግሌን ላርሰን ጉዳዩን ወደ ጸሐፊዎች ማኅበር የዳኝነት ሥርዓት ወሰደው፤ በውጤቱም ላርሰን በብዕር ስም የአጭሩ ድራማ ተባባሪ ጸሐፊ ሆኖ ተመዘገበ። ተመልካቹ በስክሪኑ ላይ የሚያየው ስም ከስብሰባና ከክርክር የወጣ መሆኑን የማያውቅ ሰው የዚህን ሙያ ግማሽ አያውቅም።

ድራማው ከፍተኛ ድፍረቱን ያሳየው በ2006 ነው። በሦስተኛው ምዕራፍ መክፈቻ ሰዎቹ በማሽኖቹ ወረራ ሥር ወድቀዋል፤ አርበኞቹ በወራሪው ላይ አጥፍቶ ጠፊ ይልካሉ። የአሜሪካ ጦር ኢራቅ ውስጥ በነበረበት ጊዜ የአሜሪካ ቴሌቪዥን ዋና ገጸ ባሕርያቱን በወረራ ሥር ባለው ሕዝብ ቦታ አስቀመጠ፤ በየሳምንቱ ስንወዳቸው የኖርናቸውን ሰዎች ቦምብ ታጣቂ አደረጋቸው። ዜና ላይ ሊባል የማይችለውን በጠፈር መርከብ ውስጥ ማለት ሮድ ሰርሊንግ በ1959 «ዘ ትዋይላይት ዞን»ን ሲጀምር የተጠቀመበት ዘዴ ነው፤ ማስታወቂያ ሰጪዎች ስለ ዘር ጥላቻ የጻፈውን ሲቆራርጡበት ወደ ባዕድ ዓለማት ሸሸ። ሙር ግን መሸሸጊያውን አሳሳው፤ ተመልካቹ ምሳሌውን ፈልጎ እንዲያገኝ አላደረገም፣ ፊቱ ላይ አቀረበለት። ድራማው የፒቦዲ ሽልማት አገኘ፤ በመጋቢት 2009 ስለ ሰብዓዊ መብት፣ ስለ ሽብርና በጦርነት ውስጥ ስላሉ ሕፃናት የሚወያይ መድረክ በኒውዮርክ በተባበሩት መንግሥታት ዋና መሥሪያ ቤት ሲዘጋጅ ፈጣሪዎቹና ተዋንያኑ ተጋበዙ።

ይህን ሁሉ ካልኩ በኋላ ድክመቱንም ልናገር። በብዙ ክፍሎች መክፈቻ ላይ ማሽኖቹ እቅድ እንዳላቸው ይጻፋል፤ ሙር ኋላ ራሱ እንዳመነው ግን የተዘረዘረ እቅድ አልነበረም። ከሰዎች መካከል ተደብቀው የኖሩት የመጨረሻዎቹ አምስት ማሽኖች እነማን እንደሆኑ የተወሰነው በመንገድ ላይ፣ በጸሐፊዎቹ ስብሰባ ነው። ከሳምንት ሳምንት መጻፍን የተማረ ሰው የሳምንቱን ክፍል እንዴት እንደሚያነድ ያውቃል፤ የአምስት ዓመት እንቆቅልሽ ግን ሌላ ሙያ ነው። በመጋቢት 2009 የተላለፈው መዝጊያ እንቆቅልሹን ለመለኮታዊ እጅ ሰጥቶ ሲያበቃ ብዙ ተመልካች ተቆጣ። ለገጸ ባሕርያቱ የሰጠው ስንብት ልብ ይነካል፤ ታሪኩን የዘጋበት መንገድ ግን አላሳመነኝም። ሙር መዝጊያውን ሲያወጣ ነገሩ ሲወሳሰብበት ዋናው ሰዎቹ እንደሆኑ በሰሌዳ ላይ ጽፎ ራሱን እንዳስታወሰ ይናገራል። የ«ቤተሰብ» ጸሐፊ ሌላ ምን ሊጽፍ ይችላል?

የቴሌቪዥን ገበያ በዚያው ድራማ ሥር እየተናደ ነበር። በ2006 በኢንተርኔት ብቻ የሚታዩ አጫጭር ክፍሎች እንዲሠሩ ሲታዘዝ ኩባንያው ማስታወቂያ ናቸው ብሎ ለጸሐፊዎቹ ተገቢውን ክፍያና ስም ለመስጠት አልፈለገም፤ ሙር ተከራከረ። በኢንተርኔት የሚታይ ሥራ ሥራ ነው ወይስ ማስታወቂያ የሚለው ጠብ ከኅዳር 2007 እስከ የካቲት 2008 የቆየው አድማ ዋና ጥያቄ ሆነ። «ጋላክቲካ» ራሱ በመጨረሻው ምዕራፍ መሐል ቆመ።

ከዚያ በኋላ ያለውን በፍጥነት ማለፍ ይቻላል። «ካፕሪካ» የተባለው ድራማው ብዙም አልቆየም። በ2014 የጀመረው «አውትላንደር» ተሳክቶለታል፤ በልብ ወለድ መጻሕፍት ላይ የተመሠረተ በመሆኑ ግን የሙር ድምፅ የሚሰማው በከፊል ነው። በኅዳር 2019 ከአፕል የቴሌቪዥን አገልግሎት ጋር አብሮ የተጀመረው «ፎር ኦል ማንካይንድ» ይበልጥ የእሱ ነው። ጨረቃን መጀመሪያ የረገጡት ሶቪየቶች ቢሆኑስ ብሎ ይነሣል፤ ፉክክሩ ስላልቆመ የጠፈር ጉዞው ይቀጥላል፤ ሴቶች ቀድመው ጠፈርተኛ ይሆናሉ፤ ምዕራፎቹ አሥር አሥር ዓመት ገደማ እየዘለሉ ሲሄዱ ገጸ ባሕርያቱ ያረጃሉ። በሰው ላይ የደረሰው ነገር አብሮት ይኖራል የሚለው የድሮ ሐሳቡ እዚህ ዕድሜ ሆኖ ታይቷል። አብረውት የፈጠሩት ማት ዎልፐርትና ቤን ኔዲቪ ድራማውን በዋናነት ይመራሉ። ከጸሐፊዎቹ መካከል ዴቪድ ዌድልና ብራድሊ ቶምፕሰን አሉ፤ ሁለቱ ሙርን ያገኙት በ«ዲፕ ስፔስ ናይን» ዘመን ነው፣ «ጋላክቲካ»ንም አብረውት ጽፈዋል። በሠላሳ ዓመት ውስጥ ከአንድ ጠረጴዛ ወደ ሌላ የተሻገረ ሙያ ማለት ይህ ነው።

አሁን ያለው ጠረጴዛ ግን ጠቧል። የስትሪሚንግ (በኢንተርኔት የሚተላለፍ) ድራማ በምዕራፍ ስምንት ወይም አሥር ክፍል ነው፤ በምዕራፎች መካከል አንድ ሁለት ዓመት ሊያልፍ ይችላል። ኩባንያዎች ጥቂት ጸሐፊዎችን ለጥቂት ሳምንት ሰብስበው ስክሪፕቱን ያስጽፉና ቀረጻው ሳይጀመር ያሰናብቷቸዋል። ድራማው ሲቀረጽ በቦታው የሚገኘው ብዙ ጊዜ ሾውራነር የሚባለው ዋናው ኃላፊ ብቻ ነው። ወጣቱ ጸሐፊ ንግግሩ በተዋናይ አፍ ውስጥ ሲሰነካከል አያይም፤ በጀት ሲያልቅ ትዕይንት እንዴት እንደሚታጠፍ፣ በአርትዖት ክፍል ውስጥ ስንት ነገር እንደሚቆረጥ አይማርም። ሥራው አልቆ ሌላ እስኪያገኝ ደግሞ ኪራዩን የሚከፍልበት የለውም። በግንቦት 2023 ተጀምሮ 148 ቀን የቆየው አድማ ስለ ሰው ሠራሽ አስተውሎት ብዙ ተወርቶለታል፤ ለእኔ ግን ከዚያ የማያንሰው ስለ ሥልጠና የነበረው ክርክር ነው። በስምምነቱ ኩባንያዎች በድራማው ርዝመት መጠን ከሦስት እስከ ስድስት ጸሐፊ እንዲቀጥሩ ተገደዱ፤ ገና ለመሠራት ፈቃድ ባላገኘ ድራማ ላይ የሚቀጠር ጸሐፊም ቢያንስ አሥር ሳምንት ሥራ እንዲኖረው ተወሰነ።

የድሮውን ቤት ግን ገነት አድርጌ ላቀርበው አልፈልግም። ፎንታና በ1960ዎቹ የስሟን የመጀመሪያ ፊደላት ብቻ የተጠቀመችው ስክሪፕቷ ሴት የጻፈችው ተብሎ እንዳይጣል ነበር፤ በሮደንበሪ ቢሮ ሴክሬታሪ ሆና እየሠራች ነው ወደ ድራማው ደራሲነት የተሻገረችው። ፒለር በሩን ሲከፍት የገቡት በአብዛኛው ወንዶች ነበሩ። የዛሬው ቴሌቪዥን በ1989 ጠረጴዛው አጠገብ ሊቀመጡ የማይችሉ ሰዎችን አስቀምጧል፤ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ጭንቀቴ ከተቀመጡ በኋላ ስለሚሆነው ነው፤ አንዳንዶቹ ወንበሩን ያገኙት ወንበሩ አሥር ሳምንት ብቻ በሚቆይበት ዘመን ነው። ሙር ከመጀመሪያው ስክሪፕቱ እስከ «ዲፕ ስፔስ ናይን» መዝጊያ ድረስ በአንድ ስቱዲዮ ግቢ አሥር ዓመት ያህል ደመወዝ እየተከፈለው ጽፏል፤ የራሱን ድራማ የመራውም ከዚያ በኋላ ነው።